የቆመን ዶሴ ማን ይጠራዋል?

በቀድሞው ልማድ የነጋዴ ጉዳይ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚሻገረው ተላላኪ ዶሴውን ይዞ ሲነሣ ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ የጉዳይ መከታተያ ሶፍትዌር እየተረከበው ነው። አንድ አስቀድሞ የተወሰነ ድርጊት ሲፈጸም፣ ይኸውም ማመልከቻ ሲገባ፣ ቀረጥ ሲከፈል ወይም ፊርማ ሲያርፍ፣ ዶሴው ማንም ሳይገፋው ወደሚቀጥለው ሠራተኛ ያልፋል።

አስመጪዎች ይህን አሠራር ከጉምሩክ ያውቁታል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ያሰናዳውና በብዙ አገሮች የሚሠራበት አሲኩዳ፣ ዲክላራሲዮን ከተመዘገበ በኋላ ስጋቱን መዝኖ መንገድ ይመድብለታል። አረንጓዴ የደረሰው ያለ ፍተሻ ያልፋል፤ የቢጫው ሰነድ ይመረመራል፤ የቀዩ ዕቃ ራሱ ተከፍቶ ይታያል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የከፈተችው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎትም ፈቃድ ሰጪዎችን ያገናኘው ወረቀት ተሸክሞ መመላለስን ለማስቀረት ነው። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው።

ነገር ግን ሶፍትዌር የሚሰማው የተፈጸመውን ብቻ ነው። መርማሪው ለዕረፍት ከወጣ ወይም በደረሰኙ ላይ አንድ ቁጥር ከተዛነፈ የሚጠበቀው ድርጊት አይደርስም፤ ዶሴውም ድምፅ ሳያሰማ ባለበት ይቀራል። የተከመረ ወረቀት ቢያንስ ለአላፊ አግዳሚው ዐይን ይታይ ነበር፤ በኮምፒዩተር ውስጥ የቆመው ግን ለማንም አይታይም። የሚታየው በጅቡቲ ወይም በሞጆ የተቀመጠው ኮንቴይነርና በየቀኑ የሚታሰበው ኪራይ ነው።

ስለዚህ የጊዜ ማለፍም ራሱን የቻለ ቀስቃሽ ሆኖ እንዲመዘገብ ያስፈልጋል። ባንኮች ይህን ካወቁት ቆይተዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት የመተማመኛ ሰነድ ደንብ፣ ዩሲፒ 600፣ ለባንክ ሰነዱን መርምሮ እንዲወስን ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀን ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እንቢታውንና ጉድለቱን ያላስታወቀ ባንክ ኋላ ሰነዱ አይስማማም ብሎ ሊከራከር አይችልም። ዝም ማለቱ ለራሱ ዕዳ ይሆንበታል።

ይህ ማለት ቀኑ ሲያልፍ ፈቃድ በራሱ ይሰጥ ማለት አይደለም፤ መድኃኒትና ምግብ በዝምታ ሊያልፍ አይገባውም። የሚፈለገው ቀኑ ባለፈ ጊዜ ሶፍትዌሩ ለቅርብ አለቃው እንዲያመለክት፣ ለነጋዴው ወይም ለትራንዚተሩም ዶሴው በየትኛው ክፍልና ስለ ምን እንደቆመ እንዲያስታውቅ ነው። ለሱቁም ሆነ ለመጋዘኑ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚገዛ ነጋዴ ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩን አንድ ዶሴ ሆን ብሎ አስቁሞ ምን እንደሚሆን እንዲያሳየው ይጠይቅ።