ድንቹ ሐላል፣ ስቡስ?



ውድ ወላጆችና ወጣቶች! ለእኛ ለተልተሌ ሰዎች ድንች የደጋ እንግዳ ነው። ለአገራችንም ቢሆን በ1858 እ.ኤ.አ. ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንደሆነ ይጻፋል። ዛሬ ደግሞ ልጆቻችን ወደ ሰውየው አገር እየሄዱ ነው።

እዚያ በየገበያው የድንች ቂጣ ይገጥማቸዋል። ጥሬ ድንች ተፈቅፍቆ፣ ውኃው ተጨምቆ፣ ከሽንኩርት፣ ከእንቁላልና ከጥቂት ዱቄት ጋር ተለውሶ ይጠበሳል። «ድንች ምን ነውር አለበት?» ማለት ግን አይበቃም። ዛሬ ብዙዎች በአትክልት ዘይት ቢጠብሱትም የቆየው ልማድ በአሳማ ስብ ነው፤ «ሽፔክ» የሚሉትን የአሳማ ሥጋ ቁራጭ የሚጨምሩበትም አሉ።

የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ይህን ቂጣ «ላትከስ» ብለው በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ በሚውለው የሐኑካ በዓላቸው ይበሉታል። አሳማ ስለማይበሉ በዝይ ወይም በዶሮ ስብ ይጠብሱት ነበር። ይህንን ስብ «ሽማልጽ» ይሉታል። ጀርመኑ በዚሁ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ግን የአሳማውን ነው። ስሙ አንድ፣ ብይኑ ለየቅል!

በሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ተፈቅዶልናል፤ በዚያው ሱራ 3ኛው አንቀጽ አሳማ እርም ተደርጓል። ስለዚህ «በምን ተጠበሰ?» ብሎ መጠየቅ ጋባዥን መናቅ አይደለም። ልጆች ይህን መጠየቅ ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ ቤት ይልመዱት።

ለኢፍጧር ልትሠሩት ካሰባችሁ ድንቹን በነጠላ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጭመቁት። ውኃ የያዘ ድንች ዘይቱን ያንጣጣል እንጂ አይጠበስም።