ስለ መዓት ቀን በደኅናው ቀን መዋዋል

በ2016 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር፥ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ዝናም ያራሰው ተራራ ተንዶ በሕዝብ ላይ በወደቀ ጊዜ፥ ጎረቤትና ዘመድ የተቀበሩትን ለማውጣት ወደ ስፍራው ሮጠ። እነዚሁ ረዳቶች ቈፍረው ሳይጨርሱ ምድሩ ሁለተኛ ተናደና እነርሱንም ሊረዷቸው ከመጡላቸው ሰዎች ጋራ ደፈናቸው። የሞቱት ከ200 በላይ ሆኑ። ከዚያም በኋላ ሕዝቡ የወገኑን ሬሳ የፈለገው በአካፋና በዶማ፥ አንዳንዱም በባዶ እጁ አፈር እየጫረ ነው፤ የመቈፈሪያ መኪና በጊዜው ሊደርስለት አልቻለም።

ርዳታው ከመንግሥትም፥ ከሕዝብም፥ ከነጋዴም ዘንድ ከየአቅጣጫው መጥቷል፤ በዚህ ማንም አይታማም። የኢትዮጵያ ሰው ላዘነ ወገኑ እጁን አይሰበስብም። ነገር ግን ከሐዘን በኋላ የሚመጣ ገንዘብና እህል የቀረውን ያጽናናል እንጂ የተቀበረውን አያወጣም። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ሌላ ነው። ይኸውም፥ በዚያ ሌሊት ለዚያ ወረዳ ቅርብ የሆነው የመቈፈሪያ መኪና በየትኛው የመንገድ ሥራ ኩባንያ እጅ ነበር? ነጂውስ ማን ይባላል? የወረዳው አስተዳዳሪ ቢጠራው በማን ፈቃድ፥ በማን ነዳጅ፥ በምንስ ዋጋ ይነሣል? የዚህ መልስ ተጽፎ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ካልተቀመጠ፥ በመዓቱ ቀን መልሱ ሲፈለግ ሰዓቱ ያልፋል።

ይህን ጥያቄ በብዙ ልቅሶ የተማረ አገር ጃፓን ነው። (ከዚህ በታች ስለ ጃፓን የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ምድሩ ዘወትር የሚናወጥ፥ ዐውሎ ነፋስ በየዓመቱ የሚጎበኘው፥ ባሕሩም አንዳንድ ጊዜ ከዳርቻው ወጥቶ ከተማ የሚጠርግበት አገር ስለ ሆነ፥ መዓትን ቀኑን ሳይናገር እንደሚመጣ አበዳሪ አድርጎ ይጠብቀዋል። በ1923 ቶኪዮንና ዮኮሐማን ያፈረሰው የምድር መናወጥ፥ ከእርሱም የተነሣው እሳት፥ ከ100,000 በላይ ሰው ፈጀ። በ1959 በኢሴ ባሕረ ሰላጤ በኩል የገባው ዐውሎ ነፋስ ደግሞ ከ5,000 በላይ ሰው አጠፋ። ከዚህ በኋላ መንግሥቱ ነገሩን ለቸርነት ብቻ መተው እንደማይገባ ተረድቶ በ1961 የመዓት መከላከያ መሠረታዊ ሕግ አወጣ።

የዚህ ሕግ ብልኀት ሥራውን ለሹማምንት ብቻ አለመተዉ ነው። የኤሌክትሪክ፥ የጋዝ፥ የስልክና የጭነት ኩባንያዎች በስም እየተጠሩ በመዝገብ ገቡ፤ እያንዳንዱም የመዓት ቀን ዕቅዱን አስቀድሞ እንዲጽፍና ከአገር ገዢዎች ጋራ እንዲሠራ ግዴታ ተጣለበት። በ2017 ሰቨን ኢለቨን፥ ሎውሰንና ፋሚሊማርት የሚባሉት፥ በየሰፈሩ የተዘጋጀ ምግብና ውሃ የሚቸረችሩ የሱቅ ኩባንያዎች ከዚሁ መዝገብ ተጨመሩ። ቸርቻሪ ከኤሌክትሪክ ኩባንያና ከአገሩ ዋና ባንክ ጋራ በአንድ መዝገብ መጻፉ አንዳንዱን ሹም ፈገግ ያሰኘው ይሆናል። ነገር ግን በየትኛው ሰፈር በቀን ስንት ሰው ስንት ዳቦ እንደሚገዛ የሚያውቅ የመንግሥት ቢሮ የለም፤ ባለሱቁ ግን ይህን በየማታው ይቈጥራል።

ከሕጉ በታች ያለው ዋናው ሥራ የሚሠራው በውል ነው። አውራጃውም፥ ከተማውም፥ ትንሹም መንደር ሳይቀር፥ በአጠገቡ ካለው የግንባታ ሥራ ማኅበር፥ ከነዳጅ ማደያው፥ ከጭነት መኪና ባለቤቶች፥ ከምግብና ከውሃ ሻጩ ጋራ በሰላሙ ጊዜ ይዋዋላል። የዚህ ውል ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ በኮቤ ከተማ ታየ። በዚያች ከተማ፥ ከድኾች ጋራ ይኖር የነበረው ካጋዋ ቶዮሂኮ የሚባል የክርስትና ሰባኪ መክሮበት በ1921 የተጀመረ የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ በወጣ ጊዜ የጃፓን ሕዝብ ዕቃ ይጠፋል ብሎ ፈርቶ ሱቆቹን በሽሚያ ባዶ አደረጋቸው፥ ዋጋም ናረ። የከተማው አስተዳደርና ማኅበሩ ይህን ስላዩ በ1980 ተዋዋሉ፤ በችግር ጊዜ ማኅበሩ ለኑሮ የሚያስፈልገውን ዕቃ ለከተማው ሊያቀርብ ቃል ገባ። ውሉን ያጻፋቸው የዋጋ መናርና የሽሚያ ፍርሀት ነበር።

ከ15 ዓመት በኋላ፥ ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ገና ሳይነጋ፥ ምድር ተናወጠና 6,434 ሰው ሞተ። የማኅበሩ ዋና መሥሪያ ቤት ራሱ ፈረሰ። ቢሆንም ያ የቆየ ወረቀት በቦታው ነበርና ከተማው በእርሱ መሠረት ዕቃ ጠየቀ፤ ማኅበሩም በሌላው አገር ካሉት እንደ እርሱ ካሉ ማኅበሮች ጋራ ተባብሮ አቀረበ። ሠራተኞቹም፥ ከእነርሱ መካከል ቤታቸው የፈረሰባቸው ሳይቀሩ፥ ከተሰነጠቁት ሱቆች ፊት ዕቃውን እያወጡ ለሕዝቡ ሸጡ። ሸጡ መባሉ አንባቢን አያስደንቅ፤ ዳቦውና ውሃው በትናንትናው ዋጋ ዛሬም እንደሚገኝ ያየ ሕዝብ አይሻማም፥ አይዘርፍምም። ከዚያ በኋላ የኮቤ ውል አርአያ ሆኖ በብዙ አውራጃዎች እንደዚሁ ያለ ውል ተጻፈ።

ስለ ዋጋ በጃፓን ውሎች በብዛት የሚገኘው ቃል ለኢትዮጵያ ሹማምንት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ዕቃው በነጻ ይሰጣል አይልም። አስተዳደሩ የወሰደውን ዕቃ መዓቱ ከመድረሱ በፊት በነበረው ተገቢ ዋጋ ይከፍላል ይላል። በዚህ አንድ ቃል ሁለት ክፉ ነገር ይዘጋል፤ ነጋዴው በሰው ልቅሶ አይከብርም፥ ሹሙም በችግር ስም የነጋዴውን መጋዘን አይበረብርም። በነጻ አምጣ የተባለ ነጋዴ በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል፥ በሁለተኛው ቀን መጋዘኑን ይቈልፋል። ዋጋውን እንደሚያገኝ በጽሑፍ ያወቀ ግን መኪናውን ራሱ አስነድቶ ይመጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው በማርች 2011 የሆነው ነው። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ምድር ተናውጦ ባሕሩ በተነሣ ጊዜ የባሕሩ ዳርቻ ከተሞች ተጠረጉ፤ የሞቱትና የጠፉት ከ18,000 በላይ ሆኑ። ወደ ዳርቻው የሚያደርሱት መንገዶች በፈረሰ ቤት፥ በመርከብና በመኪና ስብርባሪ ተደፍነው ነበር። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሹማምንት ግን መንገዱን እንጠግን አላሉም። በመካከለኛው ምድር ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ትልቁን መንገድ አስቀድመው አስከፈቱ፤ ከእርሱም ወደ ባሕሩ የሚወርዱትን 16 መንገዶች እንደ ሚዶ ጥርስ ቈጥረው፥ በየጥርሱ ላይ አንድ መኪና የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ፍርስራሹ ወደ ዳር እንዲገፋ አዘዙ። በማግሥቱ 11 መንገድ ተከፈተ፤ በአራተኛው ቀን 15 ደረሰ። ይህን የሠሩት የየአገሩ የግንባታ ኩባንያዎች ናቸው። ዶዘሩ የማን እንደ ሆነ፥ የት እንደ ቆመ፥ ማን እንደሚነዳው አስቀድሞ በተጻፈ ውል ይታወቅ ነበርና ሠራተኞቹ በፍጥነት ተሰማሩ። ከነጂዎቹም ቤተ ሰባቸው በሕይወት መኖሩን ሳያውቁ መሪ የጨበጡ ነበሩ።

ይሁን እንጂ የጃፓን ነገር ሁሉ የሚመሰገን ብቻ ተደርጎ እንዳይታሰብ፥ ያ ዓመት ጉድለትንም ገለጠ። በኦትሱቺ ከተማ ከንቲባው ከብዙ ሠራተኞቹ ጋራ በማዕበሉ ሞተ፤ ውል ያለው ኩባንያ ቢመጣ እንኳ የሚያዝዘው ሹም አልተገኘም። በሌሎችም ከተሞች የርዳታው ዕቃ እስከ መጋዘን ደርሶ በዚያ ተከመረ፤ ሹማምንቱ ደብዳቤ መቀበልና መላክ እንጂ ዕቃ መደርደርና ማከፋፈል አልለመዱምና። በኬሴንኑማ ይህን የፈቱት ያማቶ የሚባለው የጭነት ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ የየቤቱን መንገድ ስለሚያውቁ ዕቃውን ለይተው እስከ መጠለያው አደረሱ። ኩባንያውም በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከሚያደርሰው ከእያንዳንዱ ጥቅል 10 የን እየቀነሰ ከ14 ቢሊዮን የን በላይ ለተጐዳው አገር ሰጠ። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት መጋዘኑን መደርደራቸው ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ይበልጣል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በ2016 በኩማሞቶ ሌላ ጉድለት ታየ። አውራጃው የርዳታ ዕቃ ማከማቻ ይሆናል ብሎ ያሰበው ትልቅ አዳራሽ ራሱ በምድር መናወጡ ተጐዳ፥ ዕቃውም በሌላ ስፍራ፥ በጐረቤት አውራጃ ባለ የጭነት ኩባንያ መጋዘን ጭምር መቀበል ግድ ሆነ። ከዚህም ሌላ በጃፓን ባለሙያዎች ዘንድ የሚነገር አንድ ሥጋት አለ፤ አንድ ኩባንያ ያሉትን መኪናዎች ለብዙ ከተሞች ቃል ገብቶ ሊገኝ ይችላል። መዓቱ አንዱን ከተማ ብቻ ቢነካ ቃሉ ይጸናል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ቢነካ ግን ያው መኪና በዐሥር ስፍራ ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ ውልን መጻፍ ብቻ ሳይሆን የአንዱን ወረዳ ውል ከሌላው ጋራ የሚያስተያይ፥ በዓመትም አንድ ጊዜ ስልኩን ደውሎ የሚፈትን ሰው ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ በ2005 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ሥራው ከወረዳ እንዲጀምር ያሳስባል፤ አሳቡ ትክክል ነው። ወረዳ ግን ብዙ ጊዜ አንድ መኪናና ጥቂት ጸሐፊዎች ያሉት መሥሪያ ቤት ነው። ጕልበቱ በአጠገቡ ባለው ኩባንያ ነው፤ መንገድ በሚሠራው ተቋራጭ፥ ድንጋይ በሚፈልጠው፥ በስኳርና በሲሚንቶ ፋብሪካው፥ በአውቶቡስና በጭነት ማኅበሩ። በ2017 ዓመተ ምሕረት በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ምድር በተደጋጋሚ ሲናወጥ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዷል፤ ይህን ያህል ሕዝብና ከብት በአንድ ሳምንት ለማንቀሳቀስ የወረዳ መኪና እንደማይበቃ ለማንም ግልጥ ነው።

አንዳንድ ሰው፥ ይህ ውል ለጉቦና ለወዳጅነት በር ይከፍታል ይል ይሆናል። ፍርሀቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በር የሚከፈተው ይበልጡን በመዓቱ ቀን ነው፤ ያን ቀን ዋጋ የሚያወዳድር፥ ደረሰኝ የሚመረምር ሰው የለም፥ የቀረበው ሁሉ በተጠየቀው ዋጋ ይገዛል። በደኅናው ቀን በግልጥ ተወዳድሮ የተጻፈ ውል ይህን ይከለክላል።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። የጃፓን ከተሞች ብዙ ሕዝብ የሚያስጠልል አዳራሽ ስላላቸው ከቡድሃ መቅደሶች ጋራ ሳይቀር ተዋውለዋል። በኢትዮጵያ ቤቱ የፈረሰበት ሕዝብ ብዙ ጊዜ የሚጠጋው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በመስጊድ ግቢ ነው። ከዚህም በላይ የንስሓ አባት የልጆቹን ቤት ያውቃል፤ ማን ሽባ ሆኖ እንደ ተኛ፥ የትኛዋ እናት አራስ እንደ ሆነች፥ የትኛው ሽማግሌ ብቻውን እንደሚኖር ሳይጠይቅ ይናገራል። ኩባንያው መኪናውን ቢያመጣ ወደየትኛው ቤት አስቀድሞ እንደሚሄድ የሚነግረው ይህ ሰው ነውና፥ ውሉ ሲጻፍ የደብሩ አለቃ ሳይጠራ መቅረት የለበትም።

በጎፋ ስፍራው ገደላማ ስለ ሆነ ውል ቢኖርም መኪናው አይደርስም ነበር የሚል ይኖራል። ይሆናል። ነገር ግን ውሉን የሚጽፍ ወረዳ ከተቋራጩ ጋራ ሆኖ ቀበሌ ለቀበሌ መንገዱን መመርመሩ አይቀርም፤ ባለሙያውም ተራራውን አይቶ «ይህ ስፍራ በክረምት መኪና አይገባበትም» ይላል። ይህ ቃል በሚያዝያ ከተነገረ፥ አስተዳዳሪው ሐምሌ ሳይደርስ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል፤ ወይ መንገዱን ያስጠርጋል፥ ወይ ዝናሙ ሲበረታ ከገደሉ ሥር ያሉትን ቤተ ሰቦች በጊዜው ያስነሣል።

እንግዲህ ገደላማ አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ከሚቀጥለው ክረምት አስቀድሞ፥ በበልጉ ወራት፥ ቅርብ ያለውን ተቋራጭና የጭነት ማኅበር ጠርተው ይቀመጡ። በውሉ ላይ የመኪናው ዓይነትና ቍጥር፥ የሚቆምበት ስፍራ፥ የነጂውና የተተኪው ስም፥ የነዳጁ መጠን፥ የሰዓቱ ዋጋ ይጻፍ፤ አስተዳዳሪው ቢታጣ ወይም ቢሞት በእርሱ ፈንታ የሚያዝዘው ሰው ሁለተኛም ሦስተኛም ተለይቶ ይታወቅ። ስልክ ቢቋረጥ መልእክተኛ በእግር የሚደርስበት ስፍራም ይመልከት። ቅጂው ሦስት ይሁን፤ አንዱ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፥ አንዱ በኩባንያው የሥራ ሰፈር ከነጂው ዘንድ፥ አንዱ በደብሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ።