«ጠባችንን መልስልን!»

ዛሬ የቀረብኩት ምክር ሰጪ ሆኜ ሳይሆን ተከሳሽ ሆኜ ነው። ከሳሼ ደግሞ እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ወጣት ባለትዳር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ባሏ ጽፎልኝ ነበር። ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው፤ ባለ አንድ መኝታ ተከራይተው ይኖራሉ። ሶፋ አንድ፣ ቴሌቪዥንም አንድ። እሱ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ከጓደኛው ገዛ። እሷ ደግሞ የቃናን ተከታታይ ድራማ ሳታይ እንቅልፍ አይወስዳትም። (ቃና በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የማታው ሪሞት በማን እጅ እንደገባ እህትና እናት ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።) «አንድ ቀን 3 ለ 2 እየመራሁ፣ አምስት ደቂቃ ሲቀረኝ ቀየረችብኝ» ይላል ሰውዬው፤ የሞተ ዘመድ የሚያነሳ ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጣ ሰፈር ካለ ፕሌይስቴሽን ቤት ማምሸት ጀመረ። ማታ 3 ሰዓት የገባ ባል «የት ነበርክ?» ሲባል «ጌም ቤት» ቢል ማን ያምነዋል? እኔም ብሆን አላምነው።

ያኔ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ቴሌቪዥኑን ለእሷ ተውላት፣ አንተ በስልክህ ተጫወት አልኩት።

«እንዴት ተደርጎ?» የምትሉ አትጠፉም። ሶኒ «ሪሞት ፕሌይ» የሚባል ነፃ አፕ አለው። ጨዋታው የሚሠራው እዚያው ማሽኑ ላይ ነው፤ ስልክህ ምስሉን በዋይፋይ ይቀበልና የጣትህን ትእዛዝ መልሶ ይልካል። ጆይስቲኩንም በብሉቱዝ ከስልክህ ጋር ታገናኘዋለህ። ሰፈራችን ስሙ ራሱ ንፋስ ስልክ አይደል? ኳስም በነፋስ ቢመጣ ምን ይገርማል።

ችግሩ መዘግየቱ ነው። ሶኒ ቢያንስ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ፍጥነት ያስፈልጋል ይላል፣ ደህና እንዲሆን ደግሞ 15። ዋይፋዩ ሲደክም አንተ «ምታ» ብለህ የጫንከውን ተጫዋቹ ኳሱ ከተነጠቀ በኋላ ይሰማዋል። ማሽኑን ከዋይፋዩ ሳጥን ጋር በገመድ ብታገናኘው ብዙ ይሻላል። ለታሪክ ጨዋታ ትንሿ ስክሪን አትከፋም። ለኳስ ግን እኔን ከጠየቃችሁ ቴሌቪዥን የሚያክል የለም።

በቴሌቪዥን መሻማት ደግሞ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ዊ ዩ የሚባል ማሽን አወጣ። ጆይስቲኩ ላይ ስክሪን አለው፤ ቴሌቪዥኑን ሌላ ሰው ሲይዘው ጨዋታው ወደ እጅህ ይዛወራል። ገበያው ግን አልቀናውም። ከእሱ በፊት የነበረው ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ዊ ዩ 13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው ስዊች ግን ራሱ ማሽኑ በእጅ የሚያዝ ነውና ሰው ወደደው። ሶኒም እ.ኤ.አ. በ2023 ፖርታል የሚባል ባለ 8 ኢንች ስክሪን አወጣ፤ እሱ ግን ጨዋታ አይጫንበትም፣ ቤት ካለው ፕሌይስቴሽን 5 በዋይፋይ የሚቀበል ነው። ልዩነቱ መብራት ሲሄድ ይታያል። ስዊች በባትሪው ይቀጥላል። እንደ ባልየው በስልኩ ከማሽኑ የሚቀበል ሰው ግን ስልኩ መቶ በመቶ ቻርጅ ቢኖረውም ማሽኑና ዋይፋዩ ስለጠፉ ባዶ ስክሪን ታቅፎ ይቀራል።

ይህን መብራት ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሚስትየው ባለፈው ሳምንት የላከችልኝን ላንብብላችሁ።

«ወንድሜ ጤና ይስጥልኝ። ባሌን በስልክህ ተጫወት ያልከው አንተ ነህ አሉ። አሁን አንጣላም። በጊዜ ይገባል፣ ራት እንበላለን፣ ጎኔ ይቀመጣል። ከዚያ ጆሮው ላይ ኢርፎን ይሰካና በቃ፣ የለም። በፊት ሪሞት ስንነጣጠቅ ድራማዬን እየተሳደበም ቢሆን ያይ ነበር። ማን ማንን እንደከዳ ከእኔ በላይ ያውቅ ነበር። አሁን ስቄ ዞር ስል አንገቱን ደፍቷል። በቀደም መብራት ሄደ። ሻማ አብርተን እስከ ማታ 5 ሰዓት አወራን። ወላ ስለ ሥራ፣ ወላ ስለ ልጅ፣ ያላወራነው የለም። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ በደስታ ጮኸ፣ እኔ ግን ከፋኝ። እባክህ ጠባችንን መልስልን።»

ይህን ካነበብኩ በኋላ ምሳዬን አልበላሁም። ሰውዬው ሲጽፍልኝ እኔ የቆጠርኩት ስክሪን ነው። አንድ ነበር፣ ሁለት አደረግኩት፣ ተገላገልኩ።

ደግሞ ፕሌይስቴሽን ቤት ስንት ቀን ያመሸሁ ሰው ነኝ። እዚያ ሁለት ሰው ሲጫወት አምስት ሰው ቆሞ ይተቻል፣ ይሳደባል፣ ተሸናፊውን «ተነስ!» ይለዋል። ትልቁ ስክሪን ሰው ይሰበስባል። ስልክ ላይ ያገባኸውን ጎል ግን ከአንተ ሌላ ማን አየው? ባልየው ጌም ቤት የሄደው ለጨዋታው ብቻ እንዳልነበር ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

እናም ለሁለቱም አዲስ መልስ ልኬያለሁ። በሳምንት ሁለት ማታ ቴሌቪዥኑ ለጨዋታ ይሁን፤ እሷም ከጎኑ ጆይስቲክ ትያዝ። ኳስ አልወድም ካለች «ኢት ቴክስ ቱ» የሚባል ጨዋታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የወጣው፣ ፕሌይስቴሽን 4 ላይም ይሠራል። ለመፋታት የወሰኑ ባልና ሚስት አሻንጉሊት ሆነው አብረው መንገድ የሚፈልጉበት ነው። ብቻህን ልጫወተው ብትል አይሆንም፣ የግድ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስክሪኑም ለሁለት ስለሚከፈል በስልክ ልየው ብትል ዓይንህን ነው የምታጠፋው። በድራማው ሰዓት ደግሞ ስልኩ አይከለከል፣ ኢርፎኑ ግን ይውለቅ። እየተሳደበም ቢሆን ይስማ።

ከእሷ እስካሁን መልስ የለም። እሱ ግን በማግስቱ ጻፈ፦ «ሁለተኛ ጆይስቲክ የለኝም።» የሰፈርህን ጌም ቤት ባለቤት ለአንድ ማታ አከራየኝ በለው ብዬዋለሁ። ሳምንት ውጤቱን እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።