ጥናቱ ወደ ባለጉዳዩ ይመለስ
በሒሳብ፣ በመማር ማስተማር፣ በዓሣ እርባታና በኃይል ምርምር ላይ ከማኅበራችን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ማዕከላት ሒሳብን፣ ሥነ ትምህርትን፣ የውሃ ሀብትንና የኃይል ምህንድስናን የምናስተምርና የምንመራመር የማኅበሩ አባላት በጠቅላላ ጉባኤያችን በስፋት ከተወያየን በኋላ ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል። መግለጫው ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለዩኒቨርሲቲዎች አመራር፣ ለግብርናና ለኃይል መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም አብረውን ለሚሠሩ የውጭ ተቋማት የተጻፈ ነው። የእያንዳንዱን አባል ግዴታም ይጨምራል።

በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት አለቀ የሚባለው ውጤቱ በመምህሩ፣ በዓሣ አርቢውና በእናቶች ጓዳ ተሞክሮ፣ የሠራውና ያልሠራው ተለይቶ ወደ ተመራማሪው ሲመለስ ነው። በመጽሔት መታተሙ የመንገዱ አጋማሽ ነው። ይህ የማኅበራችን ዋና አቋም ሲሆን ቀጥሎ የሚነበበው ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

አራት የተራራቁ የሚመስሉ ዘርፎችን ለምን በአንድ መግለጫ አሰባሰብን? በኑሮ ውስጥ ስለማይለያዩ ነው። የእንጀራ ምጣድን እንመልከት። ቤተሰብ ከሚያነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ሦስት ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ሙቀት በሸክላ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የሚያሳየው ቀመር ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፉርዬ እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ ቀመር እንደምንረዳው ሙቀት ሸክላውን ዘልቆ ለማለፍ የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ማለትም የምጣዱ ውፍረት በግማሽ ቢቀንስ የማለፊያ ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል። በአንድ ቤት የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሚሊዮን ቤቶች ሲባዛ ግን ብዙ ደንና ብዙ ሜጋ ዋት ነው።

ይሁንና የሳሳ ምጣድ ይሰነጠቃል፤ ከአንዱ እንጀራ እስከ ሌላውም ሙቀቱን አይዝም። የት ድረስ ሊሳሳ እንደሚችል፣ አፈሩ ከየት መምጣት እንዳለበት፣ ምን እንደሚቀላቀልበትና እንዴት እንደሚተኮስ የምታውቀው ሸክላ ሠሪዋ ናት። በየዩኒቨርሲቲው ስለ ምጣድ በርካታ የመመረቂያ ጽሑፎች ተጽፈዋል። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የፀሐይ ሙቀትን አጠራቅሞ እንጀራ መጋገር እንደሚቻል ሞክሯል። ቀመሩን የሚያውቀውና አፈሩን የምታውቀው አብረው ተቀምጠው የሚነጋገሩበት በጀትና አሠራር ግን ከሞላ ጎደል የለም። ለዘመናት የተናቀ ሙያ ስለሆነ ሸክላ ሠሪዋ በጥናቱ ውስጥ ብትጠቀስ እንኳ «መረጃ ሰጪ» ተብላ ነው። ማኅበራችን ይህን አይቀበልም። እውቀቷን ያካፈለች ባለሙያ በጥናቱ ውስጥ በፈቃዷ በስሟ ልትጠቀስ፣ ለጊዜዋ ሊከፈላትና ከውጤቱ ልትጠቀም ይገባታል።

በዚህ ረገድ የምንኮራበት ቀዳሚ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በአገር በቀል ተክል ለመቆጣጠር የሚያስችል ምርምር ከፍቷል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። የምርምሩ መነሻ የወንዝ ዳር ልብስ አጠባ ነበር። ከዚያ ግኝት እስከ ሰፊ አገልግሎት ያለው መንገድ ግን እጅግ ረጅምና እሾሃማ ሆኖባቸዋል፤ እኛም የምንከራከረው ስለዚያ መንገድ ነው።

ወደ ዓሣው እንለፍ። አገራችን ብዙ ሐይቅ፣ ግድብና ወንዝ እያላት የዓሣ ፍጆታችን በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። ሰበታ የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የዓሣ ጫጩቶችን እያባዛ ለአርሶ አደሮች ሲያከፋፍል ቆይቷል። በኩሬ የሚረባው በአብዛኛው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ገና ትንሽ ሳለ፣ በጥቂት ወራት ዕድሜው፣ መራባት ይጀምራል፤ ኩሬው በብዙ ትናንሽ ዓሣዎች ይጨናነቅና ለገበያ የሚሆን አንድ እንኳ ይጠፋል። መፍትሔው ይታወቃል፦ ቶሎ የሚያድገውን ወንዱን ብቻ ለይቶ ማርባት፣ ወይም ጫጩቱን የሚበላ አምባዛ አብሮ መጨመር። ደጋው ላይ ደግሞ የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ዕድገቱ ይጓተታል። መኖም በአካባቢው ካለው ሊዘጋጅ ይችላል፤ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉሩሽካና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ይበቃሉ። ይህ ሁሉ ተጠንቷል። አባሎቻችን በመስክ የሚያዩት ግን ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የደረቁ ኩሬዎችን ነው። ጫጩት የሚያቀርብ የለም፣ ወንዱን ከሴቷ መለየት ያስተማረ የለም፣ የጥናቱ ግልባጭም በአርሶ አደሩ ቋንቋ አልተጻፈም። በዓቢይ ጾም ሰሞን የዓሣ ገበያው ሲደራ ባለ ኩሬው ከገበያው ውጭ ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ብለን የምንናገረው አንድ ነገር አለ። የጣና ቆሮሶ ከአዋሽና ከስምጥ ሸለቆ ቆሮሶ የተለየ ንዑስ ዝርያ መሆኑ በሳይንስ ተመዝግቧል። በመሆኑም የዓሣ ጫጩትን ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው ያለ ጥናት ማጓጓዝ ዳግም የማይገኝ ሀብትን ማደባለቅ ነው። ድርጊቱ በአስቸኳይ እንዲቆም፣ ለየተፋሰሱ የራሱ ማባዣ እንዲቋቋም እንጠይቃለን። በጣና የቢልጫ ዓሣዎች ላይ የደረሰው ያስተምራል። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙት የጣና ዝርያዎች ከክረምቱ አጋማሽ ጀምሮ ለመራባት ወደ ወንዞች ሲወጡ በወንዝ አፍ ላይ በመረብ መጠመዳቸው ቁጥራቸውን ክፉኛ እንዳመናመነው የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ካካሄዱት ክትትል ታውቋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። አዋጁ በሐይቁ ዳር እንዲከበር፣ አስጋሪው ጥናቱ ስለ ምን እንደሚናገርና መረቡን ለምን በዚያ ወቅት ማንሣት እንዳለበት በራሱ አንደበት እስኪያስረዳ ድረስ ሊነገረው ይገባል።

ሒሳብም እዚህ መረብ ውስጥ አለ። ሐይቅ ውስጥ ያለን ዓሣ አውጥቶ መቁጠር አይቻልም። 200 ዓሣ ይዘን ምልክት አድርገን ብንለቅ፣ ቆየት ብለን 100 ስንይዝ ምልክት ያለባቸው 4 ብቻ ቢሆኑ በሐይቁ ውስጥ 5,000 ያህል እንዳሉ እንገምታለን። ይህን ስሌት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል፤ ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ማወቅ ግን ከፍ ያለ የዕድል ስሌት ይጠይቃል። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና አርባ ምንጭ በመንግሥት የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተመደቡት ስምንቱ መካከል ናቸው፤ ሦስቱም የሐይቅ ጎረቤቶች ናቸው። የሒሳብና የዓሣ ሀብት ትምህርት ክፍሎቻቸው በጋራ የመመረቂያ ጥናት ቢያማክሩ አንድም አዲስ ሕንፃ አያስፈልጋቸውም።

ነገር ግን ስለ ሒሳብ ስንናገር አንድ ስጋታችንን መሸፈን አንፈልግም። «ችግር ፈቺ ምርምር» የሚለው አባባል የንድፈ ሐሳብ ሒሳብን ከበጀት ለማስወጣት እየዋለ ነው። ፉርዬ ቀመሩን ሲያወጣ ምጣድን አላሰበም። ዛሬ ምንም ጥቅም የማይታይበት ጥናት ነገ ለምን እንደሚውል ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም፤ ለዚያ ሒሳብ የተዘጋጀ ሰው ከሌለ ደግሞ ጥቅሙ በመጣ ጊዜ ከውጭ በውድ ዋጋ እንገዛዋለን። ስለዚህ ለመሠረታዊ ሒሳብ ራሱን የቻለ፣ በአስቸኳይ ጥቅም የማይመዘን የበጀት መስመር እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። ከንድፈ ሐሳብ ተመራማሪው የምንጠብቀው አንድ ነው፤ የሠራውን ለሁለተኛ ደረጃ መምህር በሚገባ ቋንቋ እንዲያስረዳ።

ይህም ወደ መማሪያ ክፍሉ ያመጣናል፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበንም እሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። አሐዙን እንደ ተማሪዎቹ ስንፍና የሚያነብ ሰው ተሳስቷል። የዓለም ባንክ እንደሚለው በአገራችን ካሉ የአሥር ዓመት ሕፃናት ዘጠና በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በአሥር ዓመቱ ያላነበበ ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ በእንግሊዝኛ የቀረበለትን የፊዚክስ ጥያቄ ከየት አምጥቶ ይመልሳል?

ጥናት አልጎደለንም። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ አገር አቀፍ የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች፣ ሒሳብንና ሳይንስን ጨምሮ፣ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይቶ ነበር። ቢሆንም አንዳንድ ክልሎችና ከተሞች ሒሳብና ሳይንስን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ማስተማር ቀጠሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ትምህርት በሳተላይት ተልኮ በፕላዝማ ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተሰራጨ። ተማሪው መከተል አቃተው፤ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ። ይህን የዘገቡት የአገራችን የትምህርት ተመራማሪዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጥናታቸው የመጣው መሣሪያው ተገዝቶ፣ ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ ነው። አቋማችን የማያሻማ ነው፦ ማንኛውም አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ፣ ዛሬ በጡባዊ ኮምፒውተርም ይምጣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተመረጡ የገጠርና የከተማ ትምህርት ቤቶች ተፈትኖ ውጤቱ በይፋ ሳይነገር በአገር ደረጃ መሠራጨት የለበትም። ፈታኙም መሣሪያውን ከሚሸጠው ወገን መሆን የለበትም።

በኃይል ዘርፍ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ተመርቋል፤ ደስታችን የሁሉም ዜጋ ደስታ ነው። ሆኖም አብዛኛው የገጠር ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨትና በኩበት ነው። ማገዶን በግማሽ ያህል የሚቆጥበው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ በአገራችን ተሠርቶ ከተዋወቀ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የደረሰው ግን ለጥቂቱ ነው። በባቱ አቅራቢያ የሚገኘው የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1998 ከሰባት ሜጋ ዋት በላይ ለማመንጨት ተተክሎ ብዙም ሳይቆይ በባለሙያና በጥገና እጥረት ተሰናክሏል። የጉድጓዱ ሙቀት አልጠፋም፤ የጠፋው ማመንጫውን እየተከታተለ የሚያስኬድ፣ ችግሩን እያጠና የሚፈታ የሰው ኃይል ነበር። ስለዚህ ለማንኛውም የኃይል ፕሮጀክት ግንባታ ሲፈረም የአገር ውስጥ ተመራማሪዎችና ቴክኒሻኖች ሥልጠናና የአሥር ዓመት ክትትል የውሉ አካል እንዲሆን እንጠይቃለን።

ይህ ሁሉ እንዲሆን የሚከተሉት መለወጥ አለባቸው። የመምህራን የማዕረግ ዕድገት መመሪያዎች ለታተመ ጽሑፍ የሚሰጡትን ክብደት ያህል በትምህርት ቤት፣ በኩሬ ወይም በምድጃ ለተፈተነና ለተመዘገበ ውጤት ይስጡ፤ አልሠራም ተብሎ በሐቀኝነት ለተዘገበ ሙከራም ጭምር። ዛሬ ባለው አሠራር ያልሠራውን የሚናገር ተመራማሪ ምንም አያገኝም፤ ስለዚህ ሌላው ተነሥቶ ያንኑ ይደግማል። ገንዘብ ከፍለው ማንኛውንም ጽሑፍ የሚያትሙ መጽሔቶች ከመመዘኛው በሙሉ ይውጡ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች ለሁሉም ክፍት ሆነው እንዲቀመጡ ያዛል። ይህ ይፈጸም። እያንዳንዱ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፍ በጥናቱ አካባቢ በሚነገረው ቋንቋ፣ በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ይሁን በሲዳምኛ፣ ቢያንስ የአምስት ገጽ ማጠቃለያ ሳይኖረው ለመመረቅ አይቅረብ። የውጭ አጋሮቻችን ናሙናና መረጃ ሲወስዱ ግልባጩ በአገር ውስጥ ይቅር፤ የአገር ውስጥ ተመራማሪው ስምም ከምስጋና ገጽ ወደ ደራሲያን ዝርዝር ይምጣ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለመመደብ ተስማምተዋል። አገራችን ከዚያ በእጅጉ ርቃ ትገኛለች። መንግሥት ወደዚያ የሚደርስበትን የጊዜ ሰሌዳ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ እንጠይቃለን።

አባሎቻችን በበኩላቸው ያማከሩትንና የሠሩትን ጥናት ማጠቃለያ በአካባቢው ቋንቋ አዘጋጅተው ጥናቱ ለተካሄደበት ትምህርት ቤት፣ ማኅበር ወይም ቀበሌ በአካል ያስረክባሉ። ይህን ያልፈጸመ አባል ለማኅበሩ አመራር አይመረጥም።

መምህራን፣ ዓሣ አስጋሪዎችና አርቢዎች፣ ሸክላ ሠሪዎችና የምድጃ አምራቾች ሆይ፦ ስለ እናንተና በእናንተ ዘንድ የተጠናውን በቋንቋችሁ የማግኘት መብት አላችሁ። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ሂዱና ጠይቁ፤ የሚመልስላችሁ ካጣችሁ ለማኅበራችን አሳውቁን።