ለጀልባ ሞተር ካንዴላም በጀት ይያዝ

በጣና ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞተሩ የጠፋበት ጀልባ አደጋ ላይ ነው። ለዚህ አንዲት የቆሸሸች ካንዴላ ትበቃለች። ሆኖም ለዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ሞተር ሲገዛ መለዋወጫው ይረሳል። አስጋሪውም ጥርሷ የገጠመለትን የሞተር ሳይክል ካንዴላ ያስገባል፤ ጋራዡም «ይሠራል» ብሎ ይሸኘዋል።

ጥርስ መግጠሙ ግን አይበቃም። የጥርሱ ርዝመትና የሙቀት ቁጥሩ ከሞተሩ መመሪያ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከልክ በላይ የረዘመች ካንዴላ ፒስተኑን ልትመታ፣ ሙቀት በደንብ የማታስወጣዋ ደግሞ ልታቀልጠው ትችላለች።

ቁጥሯ ልክ ሆኖ ቶሎ የምትጠቁር ከሆነ፣ ቤንዚንና ዘይት ቀላቅሎ በሚሠራ ሞተር መጀመሪያ የሚታየው ቅልቅሉ ነው። መመሪያው ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ካለ፣ «ለሞተሩ ይጠቅማል» ተብሎ የሚጨመረው ዘይት ካንዴላዋን በጥላሸት ይደፍናታል። ጫፏ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ናት፤ ከነጣ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ሊሆን ይችላል። የምትፈታውም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ አለበለዚያ የአልሙኒየሙ ጥርስ ይበላል።

ወረዳዎች በግዥ ዝርዝራቸው ከእያንዳንዱ ሞተር ጋር ቁጥሯ የተጠቀሰ መጠባበቂያ ካንዴላና መፍቻ ሊያካትቱ ይገባል። ወጪው ከሞተሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። አስጋሪውም መጠባበቂያዋን ቤቱ ሳይሆን ጀልባው ላይ፣ ውሃ በማያስገባ ዕቃ ይያዝ።