ዋካንዳን ለማመን

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ድረ ገጽ፣ ከአሜሪካ ጋር የነጻ ንግድ ስምምነት ካላቸው አገሮች ተርታ «ዋካንዳ» የምትባል አገር አስፍሮ ተገኘ። ዝርዝሩን የከፈተ ሰው ከዋካንዳ ጋር ስለሚደረገው የዳክዬ፣ የአህያና የወተት ላም ንግድ ቀረጥ ሳይቀር ማንበብ ይችል ነበር። መሥሪያ ቤቱ ነገሩ ለሙከራ የገባ ፋይል መሆኑን ገልጦ ሰረዘው፤ ሰዉም ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ። ዳሩ ግን ከሳቁ በኋላ አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። ያ በስሕተት የወጣ ሠንጠረዥ ፊልሙ ለዋካንዳ ያልሰጣትን ነገር ሰጥቷት ነበር፦ ቀረጥ።

ነገሩ ለራቀው አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዋካንዳ በጁላይ 1966 እ.ኤ.አ. ስታን ሊና ጃክ ከርቢ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በሥዕላዊ መጽሔት ላይ የፈጠሯት የአፍሪካ አገር ናት። ከሰማይ የወደቀ አለት ቫይብራኒየም የሚባል ተአምረኛ ማዕድን አስታቀፋት፤ በእርሱም ከዓለም ሁሉ ቀድማ ሠለጠነች፤ ሥልጣኔዋንም በብርሃን መጋረጃ ሸፍና ለውጭው ዓለም የድኻ እረኞች አገር መስላ ኖረች። ራያን ኩግለር በ2018 እ.ኤ.አ. «ብላክ ፓንተር» ብሎ ወደ ሲኒማ ሲያመጣት ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባች።

ለመሆኑ እንዲህ ያለችውን አገር ተመልካች አምኖ የሚቀበለው ምን ሲሟላላት ነው? ብዙዎች መልሱን በመሣሪያው ውስጥ ይፈልጉታል። በእኔ እምነት ግን ተመልካች ለመሣሪያ ቸር ነው። የሚበር መርከብና ጥይት የሚመልስ ልብስ ያለ ክርክር ይቀበላል። የሚጠራጠረው ሰው ሊሠራው የሚገባው ሥራ ሲጎድል ነው። ግብር የማይከፈልባት፣ ቆሻሻዋን የሚጠርግ የሌለባት፣ ከጎረቤት አገር ጋር በግጦሽ የማትጣላ አገር ስትቀርብለት፣ ምን እንደ ጎደለ ባይነግርህም ልቡ ይሸሻል።

በዚህ ረገድ የፊልሙ ሠሪዎች ያልደከሙ አይደሉም። የትዕይንቱን ንድፍ የመራችው ሐና ቢችለር ካሜራ ከመነሣቱ አስቀድሞ ስለዚች ስለሌለች አገር ከ500 ገጽ የሚያልፍ መጽሐፍ አዘጋጅታ ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ለተሸለመችው ኦስካር ይኸው ድካም ምክንያት ሆኗል ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ልብሱን የነደፈችው ሩት ካርተርም ያንኑ ዓመት ተሸልማለች። የድንበር ጠባቂዎቹ ጋቢ ከሌሶቶ ብርድ ልብስ፣ የንግሥቲቱ ቆብ ከዙሉ ባለትዳር ሴቶች፣ ጽሕፈቱ ከናይጄሪያው የንሲቢዲ ምልክቶች፣ ቋንቋው ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ፣ ኾሳ ነው። አንጋፋው ተዋናይ ጆን ካኒ ቀድሞ በ2016 በወጣው ፊልም ላይ ንጉሡን ሲጫወት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስለ ተናገረ ነው ኾሳ የአገሪቱ ልሳን ሆኖ የቀረው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል። የመጽሔቱ አንዳንድ ካርታዎች ዋካንዳን በቱርካና ሐይቅ አካባቢ፣ ማለት በእኛው ደጃፍ ያስቀምጧታል። ከቱርካና እስከ ኾሳ ምድር ድረስ የአህጉሩ ግማሽ አለ። በምክር ቤቱ ወንበር ላይ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ የሚታየው ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አድርጓል፤ በኦሞ ሸለቆ በሙርሲና በሱሪ ዘንድ ግን ሸክላው የሴቶች ነው። አገር ማለት ከየቦታው የተቆረጠ ጨርቅ ተሰፍቶ የሚወጣ ድሪቶ አይደለም። ለእኛ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ ለሆሊዉድ ተመልካች ደግሞ ምንም አይደል። ይቅር ልንላቸው እንችላለን፤ ሳናስተውል ቀርተን ግን መሆን የለበትም።

የባሰው ጥያቄ የዕውቀቱ ምንጭ ነው። ተዘግቶ የኖረ አገር እንዴት ብሎ ከሁሉ ይቀድማል? በታሪክ ዝግ አገር ሲነሣ ጃፓን ትጠቀሳለች። ጃፓን ከ1630ዎቹ እስከ 1853 እ.ኤ.አ. በሯን ዘግታ ኖረች ቢባልም፣ በናጋሳኪ ደጅ ዴጂማ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ለሆላንድ ነጋዴዎች አንዲት መስኮት ትታ ነበር። ሐኪሞቿ በ1774 የሰው አካልን የሚተነትን መጽሐፍ ከሆላንድኛ ተርጉመው ያሳተሙት በዚያች መስኮት በገባ ዕውቀት ነው። ያም ሆኖ የአሜሪካ የጦር መርከቦች ወደ ወደቧ ሲመጡ ኋላ የቀረችው ጃፓን ነበረች። ፊልሙ ግን ይህን ሁሉ በአንዲት ልዕልት ይመልሰዋል። ሹሪ የምትባለው የንጉሡ እኅት ልብሱንም፣ ባቡሩንም፣ ሕክምናውንም ብቻዋን ትሠራለች። ዩኒቨርሲቲው የት ነው? ከእርሷ ጋር የሚከራከር፣ ሙከራው የከሸፈበት፣ በጀት የተነፈገ ሌላ ሊቅ የለም? አንዲት ልጅ ሙሉ የሳይንስ አካዳሚ ስትሆን አገሪቱ ትጠፋና ቤተ መንግሥቱ ብቻ ይቀራል።

ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በተራሮች መካከል የተሸሸገ ባለጸጋ መንግሥት የሚለው ሕልም አዲስ አይደለም። በ1165 እ.ኤ.አ. ገደማ በአውሮፓ መዞር የጀመረው የቄስ ዮሐንስ ደብዳቤ ወርቁና ዕንቁው የማያልቅ የክርስቲያን ንጉሥ አለ ይል ነበር፤ አውሮፓውያን ያንን ንጉሥ በእስያ ሲያጡት ኢትዮጵያ ውስጥ አኖሩት። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ሲደርሱ ያገኙት ግን በድንኳን ከሥፍራ ሥፍራ የሚዘዋወር፣ የራሱ ችግር የሞላበት መንግሥት ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራሴላስ» በተባለው ልብ ወለዱ የሐበሻን ልዑል በብረት በር በተዘጋ የደስታ ሸለቆ ውስጥ አስቀመጠው፤ በዚያም ሸለቆ ክንፍ ሠርቶ ለመብረር የሞከረ ብልኃተኛ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። እንግዲህ ዋካንዳ የዚህ ሕልም የልጅ ልጅ ናት፤ የልጅ ልጅዋ መብረር መቻሏ ነው ልዩነቱ።

ዋካንዳ ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት ናት ሲባል ብዙ ወገኖቻችን ደረታቸውን ነፍተው «እኛ ነን» ሲሉ ሰምቻለሁ። በስሜቱ አልቀልድም። ነገር ግን ምኒልክ አገሩን የጠበቀው በመሸሸግ አልነበረም። በ1891 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጽፎ ድንበሬ ይህ ነው አለ። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣልያንኛ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ሙግቱን በአደባባይ አደረገው። ጠመንጃውን ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያ፣ ከራሷ ከጣልያን ጭምር አከማቸ። የቴምብር ሥራና የባቡር ውል በ1894 ሲጀመር ስዊሳዊው መሐንዲስ ኢልግ ከጎኑ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የተገኘው የዓድዋ ድል ከዚህ ሁሉ ግልጽ ድርድርና ግዢ ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ «እኛ ዋካንዳ ነን» የሚለው ወንድሜ አያቶቹን እያሞገሰ ሳለ ሥራቸውን ይሰርዛል፤ በብልኃትና በላብ ያገኙትን ከሰማይ በወደቀ አለት ይተካዋል።

በአፍሪካ በእውነት የተሸሸገ ሥፍራ ካለ ሽንኮሎብዌ ነው። በኮንጎ ካታንጋ የሚገኝ የማዕድን ጉድጓድ ነው፤ በ1940 ከዚያ ወደ 1,200 ቶን የዩራኒየም ማዕድን ተጭኖ ኒውዮርክ በሚገኝ መጋዘን ተቀመጠ፤ ለአሜሪካ የአቶም ቦምብ ፕሮጀክት ከዋለው ዩራኒየም የሚበዛው ከዚያ የመጣ ነው። የቦታው ስም ከካርታ ላይ እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን የሸሸገው ባለቤቱ ኮንጎሌው አልነበረም፤ ገዢውና ቅኝ ገዢው ነበሩ። ዓለምን የሚለውጥ ማዕድን አፍሪካ ውስጥ ተገኝቶ ምስጢሩን የጠበቀው አፍሪካዊው ራሱ ነው የሚለው ነገር ለእኔ ከሚበረው መርከብ ይልቅ ለማመን ይከብዳል።

እንዲህም ሆኖ ፊልሙን የምወደው በአንድ ነገር ነው። ምስጢር ዋጋ እንዳለው ያውቃል። በ1992 በኦክላንድ ከተማ፣ ካሊፎርኒያ፣ ንጉሡ ቲቻካ ምስጢሩን አሳልፎ የሰጠውን ወንድሙን ገድሎ፣ የሟቹን ትንሽ ልጅ ለአሜሪካ ጎዳና ጥሎ ይሄዳል። ያ ልጅ ኪልሞንገር ሆኖ ይመለሳል። ጥያቄውም ጥያቄ ነው፦ በዓለም ዙሪያ ወገናችሁ ሲሸጥና ሲረገጥ ይህን ሁሉ ይዛችሁ የት ነበራችሁ? ዋካንዳ በዚያች ደቂቃ አገር ሆነች። የምታፍርበት ነገር አገኘችና።

ሁለተኛው እውነት ከዙፋኑ ጋር የተያያዘ ነው። በፏፏቴ ላይ በሚደረግ የሁለት ሰው ትግል መንግሥት የሚለወጥበት ሥርዓት፣ በዚያ ላይ ይህን ያህል ለሠለጠነ አገር፣ መጀመሪያ አሥቆኛል። ወዲያው ግን ሳቄ ቆመ። ኪልሞንገር አሸንፎ ሲቀመጥ ጦሩ ታዘዘ፤ ሰላዮቹ በለንደን፣ በኒውዮርክና በሆንግ ኮንግ መሣሪያ ለመቀበል ተዘጋጁ። የዘበኞቹ አዛዥ ኦኮዬ እያነባች በቦታዋ ጸናች፤ ቃል ኪዳኗ ለዙፋኑ ነው እንጂ ለተቀመጠበት ሰው አይደለምና። ሁሉን ከአንድ ወንበር ጋር ያሠረ መንግሥት ወንበሩን የያዘ ሁሉ የእርሱ ነው። ይህን ለማመን ቫይብራኒየም አያስፈልገኝም፤ ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልገኝም።

በ2022 የወጣው ተከታዩ ፊልም ደግሞ፣ ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን ከሁለት ዓመት በፊት በማረፉ ሐዘን የሞላበት ቢሆንም፣ በመግቢያው ትክክለኛውን ነገር አየ። ዋካንዳ ከተገለጠች በኋላ የመጣባት ጭብጨባ አልነበረም፤ በማሊ አንሶንጎ የሚገኘውን ጣቢያዋን የፈረንሳይ ወታደሮች በሌሊት ደፈሩ፤ ንግሥቲቱም ምርኮኞቹን አስነድታ በዓለም መንግሥታት ጉባኤ ፊት አንበረከከቻቸው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ወደ ባሕር ጠልቆ ሌላ የተሸሸገ ሕዝብ ፍለጋ ሄደ። እኔ እዚያው ጉባኤው አዳራሽ ቀረሁ። ሦስተኛ ፊልም ከተሠራ ማየት የምፈልገው የዋካንዳን የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ቫይብራኒየሙን ማን መዘነው፣ ማን ፈረመ፣ ጉቦ የቀረበለት የመጀመሪያው ሠራተኛስ ምን አለ?