ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት አየሩን ለኩ

የበጋው ብርድ ሲገባ ደንበኞቻችን የሚጠይቁን ዕቃ የታወቀ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር አዲስ አበባ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ አየሩ ደረቅ ነው። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ጠዋት ጉሮሮ ይከረክራል፣ የልጆች አፍንጫ ይደማል። ያኔ «ያቺን እንፋሎት የምትተፋ ማሽን አምጡልን» ይሉናል። እኛም ሂውሚዲፋየሩን ከዱባይም፣ ከናይሮቢ በሞያሌ በኩልም እናመጣለን። ዛሬ ግን ለገዢውም ለእኛ ለነጋዴዎቹም የምንለው አለን፦ ከማሽኑ በፊት መለኪያው ይሸጥ።

ይህን የምንለው ተምረን ነው። አንዲት አራስ ደንበኛችን የልጇ ሳል አልለቅ ሲላት መጣች። «ማታ ማታ ክፈቺው» ብለን ሸጥንላት። በወሩ ተመለሰች። ክፍሏ ጠባብ ነው፣ መስኮቱም አይከፈትም። ከአልጋው ጀርባ ያለው ግድግዳ ሻግቷል፣ የልጁም ሳል ብሷል። ገንዘቧን መለስንላት፤ ልጁንም ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ማሽኑ ብልሽት አልነበረበትም። የክፍሉ አየር መጀመሪያውኑ ደረቅ መሆን አለመሆኑን ግን እሷም እኛም አልጠየቅንም ነበር።

የአየር እርጥበት መለኪያ፣ ሃይግሮሜትር የሚባለው፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ዋጋዋም ከማሽኑ ያነሰ ነው። ለቤት የሚመከረው እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ማታ አንብቡት። ከ30 በታች ከሆነ ማሽኑ ይጠቅማችኋል። ከ50 በላይ ከሆነ ግን ሻጋታና የአቧራ ተባይ ለማራባት ገንዘብ አታውጡ። ብርድ ሁሉ ደረቅ አይደለም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው የናይሮቢ ብርድ ደመናማ ነው፤ በባህሩ ጠረፍ በጅቡቲ ደግሞ በበጋው ወራት ያለው አየር እርጥብ ነው። በአዲስ አበባ የተወደደ ዕቃ እዚያ ላሉ ዘመዶቻችን ላያስፈልግ ይችላል።

መለኪያው «ደረቅ ነው» ካላችሁ ሦስት ዓይነት ማሽን አለ። በገበያችን የሞላው ትንሹ፣ ድምፅ የሌለውና ቀዝቃዛ ጉም የሚረጨው አልትራሶኒክ ነው። መብራት አይበላም፤ ነገር ግን ውሃው ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ አየር ይረጫል። ጠዋት ዕቃ ላይ የምታዩት ነጭ አቧራ የውሃው ማዕድን ነው፤ እሱኑ ትተነፍሱታላችሁ። ውሃውን ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ማዕድኑን አያወጣም። ስለዚህ ማዕድን የሌለው ዲስቲልድ ውሃ ይፈልጋል። ሁለተኛው በእርጥብ ማጣሪያ ላይ አየር የሚነፋው ነው። አቧራ አይረጭም፣ ማጣሪያው ግን መለወጥ አለበት። መለዋወጫውን ሳናመጣ ማሽኑን ብቻ ብናመጣ ግማሽ ዕቃ ሸጥን ማለት ነው። ሦስተኛው ውሃ የሚያፈላው ነው። እሱ ብዙ መብራት ይበላል፤ ከተገለበጠም ልጅ ያቃጥላል። ሕፃን ባለበት ቤት አንመክረውም።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የክፍል ስፋትና ቮልት አንብቡ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ የ120 ቮልት ማሽን በእኛ 220 ሲሰካ ይቃጠላል። የናይሮቢው ስፒና ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስላለው አዲስ አበባ አዳፕተር ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ንጽሕናው ነው። የቆመ ውሃ ጀርምና ሻጋታ ያበቅላል። በየቀኑ ድፉት፣ አለቅልቁት፣ አድርቁት፤ በየሦስት ቀኑ ደግሞ በደንብ እጠቡት። ውሃው ውስጥ በረኪናም ሆነ ሌላ ፀረ ጀርም አትጨምሩ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ለዚሁ ማሽን ውሃ ተብሎ የተሸጠ ፀረ ጀርም የብዙ ሰዎችን፣ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችንም ጭምር፣ ሳንባ ጎድቶ ገድሏል። መንስኤው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ማሽን መግዛት ያልቻለ እርጥብ ፎጣ ክፍሉ ውስጥ ቢሰቅል አይጎዳውም። የከሰል ምድጃ አስገብቶ፣ ማንቆርቆሪያ ጥዶ፣ በሩን ዘግቶ መተኛት ግን ሞት ነው። የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም።

«ይህን ሁሉ ብንናገር ገዢው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉን። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ይሄዳል። መለኪያው 45 ያሳየው ሰው ማሽኑን ላይገዛ ይችላል። ያ ሰው ግን ነገ ጫማም ብርድ ልብስም ሲፈልግ የሚያምነው ያልሸጠለትን ነው። ግድግዳዋ የሻገተባት እናት የምታወራውን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ከዚህ በጋ ጀምሮ እኛ ማሽን ከመሸጣችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ ክፍሉ ስንት በስንት ነው? ስንት ሰው ይተኛበታል? መስኮቱ ይከፈታል? ከዚያ መለኪያዋን ሰጥተን «ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» እንላለን። እናንተም ሌላ ሱቅ ስትገዙ ማንም ባይጠይቃችሁ እነዚህን ሦስቱን ራሳችሁን ጠይቁ።